እናትህ ታውቃለችን?

የ12ኛውን ክፍል ትምህርት ለፈጸሙ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ምክር



12 ዓመት ሙሉ ደወል ሲደወል ገባህ፤ ደወል ሲደወልም ወጣህ። የምትማረውን ሌላ ሰው ወሰነልህ፤ የምትቀመጥበትንም ወንበር ሌላ ሰው አሳየህ። አሁን ግን ደወሉ ዝም ብሏል። በትምህርት ቤቱ ደጅ ቆመህ ስትመለከት ሦስት መንገዶች ይታዩሃል፤ አንዱ ወደ ኮሌጅ፥ አንዱ ወደ ሥራ፥ አንዱም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሰው አገር ይሄዳል። ይህች ትንሽ ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱን ልትመርጥልህ አልመጣችም። በየትኛውም መንገድ ብትሄድ አስቀድመህ ልትመልሰው የሚገባህን አንድ ጥያቄ በፊትህ ልታኖር መጥታለች። እኅቴ ሆይ፥ ለወንድ እንደምናገር አድርጌ ብጽፍም ቃሉ ለአንቺም ነው።

ከምክሬ በፊት ጥፋቴን ልናገር ይገባኛል። በወሎ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ ወንጌልን ሳገለግል፥ ከጉባኤያችን አንድ ወጣት በማታ ወደ ቤቴ መጣ። የ12ኛውን ክፍል ፈተና ወስዶ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ነጥብ አላገኘም ነበር። «ጋሼ፥ ነገ መንገድ እሄዳለሁና ይጸልዩልኝ» አለኝ። እኔም እጄን በራሱ ላይ ጭኜ ጸለይሁለት፤ ባረክሁትም። በየት በኩል እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም። ማን እንደሚወስደው አልጠየቅሁትም። መሽቶ ነበርና፥ በማግሥቱም የማስተምረው ትምህርት ነበረኝና፥ ከመጠየቅ ይልቅ መጸለይ ቀለለኝ።

ልጁ ከደላላ ጋር በአፋር በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ገባ፤ ከኦቦክ ዳርቻም በሌሊት በታንኳ ተጭኖ የመን ደረሰ። በዚያም ክፉ ሰዎች በአጥር ውስጥ ዘግተው ደበደቡት፤ ለእናቱም ስልክ ደውለው የልጅዋን ጩኸት አሰሙአት። እናቱ ሁለቱን በሬዎች ሸጠች፤ መሬትዋንም በወለድ አገድ ሰጥታ ገንዘቡን ላከች። እርሱም ወደ ሳውዲ አገር ዘለቀ፤ በዚያ ተይዞ ታሰረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ ያን ማታ የመጣሁት ለጸሎት ብቻ አልነበረም። ‹እናትህ ታውቃለችን?› ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እቀር ነበር።»

ወንድሜ ሆይ፥ ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልተወኝም። ስለዚህ ያን ማታ እርሱን ያልጠየቅሁትን ዛሬ አንተን እጠይቅሃለሁ። ልትሄድበት ያሰብኸውን መንገድ ዋጋውን ለሚከፍሉልህ ሰዎች በግልጥ ልትነግራቸው ትችላለህን? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲናገር፥ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊቈጥር እንደሚገባው አስተማረን። አንተ ግን የምትሠራውን ግንብ ብቻህን የምትከፍልበት አይደለህም። ከድንጋዩ አንዱ የእናትህ በሬ ነው፤ አንዱ የአባትህ ላብ ነው፤ አንዱም ስለ አንተ ትምህርቱን ያቋረጠው ታናሽ ወንድምህ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ከእነርሱ ሰውሮ የሚቈጥር ሰው ቈጠረ አይባልም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ሦስቱን መንገዶች እንያቸው።

1ኛ፤ ስለ ሩቅ አገር መንገድ። መሄድ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አብርሃም በእግዚአብሔር ቃል ከአገሩ ወጥቷልና። ነገር ግን ዮናስም ከእግዚአብሔር ፊት በሸሸ ጊዜ የመርከቡን ዋጋ ከፍሎ ተሳፍሯል። ስለዚህ መርከብ መገኘቱና ዋጋ መከፈሉ መንገዱ የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ምልክት አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በየመን ዳርቻ በአብያን አጠገብ አንድ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከተሳፈሩትም የሚበዙት የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ ስንቶቹ ይሆኑ ለእናታቸው «አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ» ብለው የወጡ? ደላላው አስቀድሞ የሚያስተምርህ ዝም ማለትን ነው፤ ዝምታህ የእርሱ ንግድ ነውና። የተመዘገበ ኤጀንሲ፥ የተጻፈ ውል፥ እውነተኛ ዕድሜ የተጻፈበት ፓስፖርት ያለው መንገድ ግን በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ይህም መንገድ ቢሆን ድካምና መከራ አያጣውም፤ ነገር ግን ብትጠፋ የት እንደምትፈለግ የሚያውቅ ሰው በኋላህ ይኖራል።

ባሕር ተሻግሮ መልካም ስላደረገ ሰው ደግሞ ልንገርህ። ሂካ የተባለው የኦሮሞ ልጅ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ብዙ ጊዜ ተሸጠ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። ኋላም ኦነሲሞስ ነሲብ ተብሎ ተጠመቀ፤ ወደ ስዊድን ሄዶ 5 ዓመት ተማረ። በዚያ መቅረት በቻለ ነበር። እርሱ ግን የተማረውን ለወገኖቹ እንዳለበት ዕዳ ቈጠረው። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትንና ተረቶችን ሰብስባ በሥራው ረዳችው፤ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ በ1904ም ኦነሲሞስ ወለጋ ገባ። መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ነገር ግን ለማን እንደሚሄድና ለማን እንደሚመለስ ያውቅ ነበር።

2ኛ፤ ስለ ኮሌጅ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛው ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፥ ከተፈተኑት ከ8 መቶ ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያን ቀን በስንት ቤት ለቅሶ ሆነ! ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ሆይ፥ ፈተናው የመዘነው አንድ ነገርህን ነው እንጂ ሁለንተናህን አይደለም። በእግዚአብሔር ፊት ያለህ ስም በዚያ ወረቀት አልተጻፈም። ነጥብ የመጣለት ልጅ ሆይ፥ አንተም አትታበይ፤ ዳንኤል የከለዳውያንን ጥበብ በቤተ መንግሥት ሲማር ልቡን አስቀድሞ ለአምላኩ ወስኖ ነበር። የምትማረውን አባትህ በጎረቤት ፊት እንዲመካበት ብቻ መርጠኸው እንደ ሆነ፥ ይህንንም በግልጥ ንገረው። በሌላ ሰው መልስ የተገዛ ነጥብም፥ ክፍል ሳይገቡ ወላጅን የትምህርት ዋጋ ማስከፈልም፥ ከዚያች ሌሊት ታንኳ ብዙ አይርቅም፤ ሁለቱም በጨለማ ይሄዳሉና።

3ኛ፤ ስለ ሥራ። ብዙ ወጣት ይህን መንገድ የሚጠላው ከድካሙ የተነሣ ሳይሆን ከእፍረቱ የተነሣ ነው። አባቶቻችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፋቀውን ባለ እጅ ሲሰድቡ ኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ ወጣ፥ ነቀፌታው ግን በልባችን ቀረ። ዛሬም ወጣቱ በገዛ ከተማው ድንጋይ መሸከምን ያፍራል፤ ማንም በማያውቀው አገር ግን የሌላውን ግመል ለመጠበቅ ነፍሱን ለባሕር ይሰጣል። የዓለም መድኃኒት የጠራቢ እጅ ይዞ በናዝሬት ኖረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ሰበከ። ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብተህ ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ብትማር፥ ወይም በአባትህ እርሻ ላይ ዕውቀትህን ብትጨምር፥ ወደ ኋላ የተመለስህ አይምሰልህ። በግልጥ የሚሠራ እጅ ለማንም መልስ አያጣም።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ወረቀት ወስደህ ያሰብኸውን መንገድ ጻፍ፤ ዋጋውንና ዋጋውን የሚከፍለውን ሰው ስም በአጠገቡ ጻፍ። ከዚያም ወረቀቱን ይዘህ ወደዚያ ሰው ሂድና አንብብለት። ልታነብለት ካልደፈርህ፥ መንገዱን ተወው ወይም ሌላ መንገድ እስክታገኝ ድረስ ቆይ። ካነበብህለት በኋላ አብራችሁ ጸልዩ። በብርሃን የተጸለየ ጸሎት ያን ማታ እኔ በችኰላ ከጸለይሁት ይበልጣል።

እናንተም ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ እውነቱን በነገራችሁ ጊዜ አትቈጡ፤ ቍጣችሁን የፈራ ልጅ ደላላውን ያምናልና። የጎረቤት ልጅ ስለ ላከው ገንዘብና ስለ ሠራው ቤት በፊቱ ደጋግማችሁ አታውሩ። እናንተም የእግዚአብሔር ቃል አገልጋዮች ሆይ፥ ልትባርኩ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ያ ወጣት ዛሬ በከተማችን ብረት በመበየድ ይሠራል። የእናቱን መሬት ገና ከወለድ አገድ አላወጣም፤ ነገር ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይከፍላል፤ የከፈለውንም ለእናቱ በቃሉ ይነግራታል። እኔም በእሑድ ቀን ከጉባኤው መካከል ባየሁት ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ አስባለሁ።

በብርሃን የሚኖር አምላክ እግርህን በብርሃን ይምራ፤ ሄደህም ብትመለስ፥ ቀርተህም ብትሠራ፥ ፊትህ ከእናትህ ፊት የማይሸሸግ ያድርገው። አሜን።