የተበላሸው ትራክተርና የሻጩ ዝምታ

በገዳሪፍና በፋሽጋ ሜዳዎች ትራክተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)፣ በገደምበሊያ የማሽላ እርሻ በሞተር ከተጀመረ ወዲህ የአካባቢው ኑሮ ከብረቱ ጋር ተሳስሯል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ጎማ ይዞ አይለቅም። የሚታረስበትና የሚዘራበት ጊዜም አጭር ነው። ስለዚህ የአሮጌ ትራክተሩ ሞተር ዘይት መብላት፣ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት የጀመረበት ገበሬ ከክረምቱ በፊት መቁረጥ ይኖርበታል፤ ይጠግነው ወይስ ይሽጠው?

ነገሩ ሲታይ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ ከማሽኑ ቀሪ ዕድሜ ጋር ይመዘናል። ሒሳቡ ያላካተተው ሰው ግን አለ፤ እርሱም ገዥው ነው። ጥገና ጉድለቱን ያስወግዳል፤ ሽያጭ ግን የጉድለቱን ባለቤት ይለውጣል እንጂ ጉድለቱን አያጠፋም።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ሊፈርስ የደረሰ ቤት የሚሸጥ ሰው ነውሩን መናገር ይገባው እንደሆነ ይጠይቃል። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ገዥው አይቶ ይግዛ ባይ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን መደበቅን ያወግዛል። ሲሴሮም ለደቀ መዝሙሩ ይፈርዳል። በእስልምና ትውፊትም ነቢዩ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ቢያገኙት፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነጋዴውን እንደ ወቀሱት ይነገራል። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል።

«ገዥው ዓይን የለውምን?» የሚለው መከራከሪያ በፋሽጋ ብዙ አያስኬድም። ትራክተር በበጋ፣ በደረቅ መሬት፣ ባዶውን ሲነዳ ደኅና ይመስላል። ሕመሙ የሚገለጠው በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ዲስክ ሲጎትት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ያን ጊዜ የጠራ እውነት ለገዥው አይጠቅመውም፤ የዘር ወቅቱ አልፎበታልና።

ሻጩ ራሱ ችግረኛ ቢሆንስ? ጉድለቱን ከተናገረ ዋጋው ይወርዳል፤ ልጆቹም ይጎዳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ዋጋውን የቀነሰው እውነቱ ሳይሆን ብልሽቱ ነው። ዝም ያለ ሻጭ በብረቱ ውስጥ የሌለውን ዋጋ ከሌላ ችግረኛ ኪስ ይወስዳል።

የፋሽጋ የድንበር ውዝግብ በ2013 ዓ.ም. ወደ ግጭት ካመራ፣ በሱዳንም ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ሻጭና ገዥ በአንድ ሌሊት ሊለያዩ ይችላሉ። የተበደለው ገዥ ሻጩን ፈልጎ ሊከስ አይችል ይሆናል። ዳኛ በራቀበት ስፍራ የቀረው ዋስትና የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

መሸጥ ነውር የለበትም። ለአራሽ የማይሆን ትራክተር፣ ጉድለቱ በግልጽ ከተነገረ፣ ለመለዋወጫ ለሚፈታው መካኒክ መልካም ዕቃ ነው። ዋጋው ያንሳል፤ የማንንም ክረምት ግን ይዞ አይሄድም።