ከማርያም መቀነት ማዶ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ልንጠጣ ተሰብስበን ሳለ አንድ ዘፈን አሰምቼሽ ነበር። ትዝ ይልሻል? ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው እጅሽ ወደ ስልኩ ሄደና ሌላ ዘፈን አመጣሽ። "በጣም ቀስ ይላል እኮ ጋሼ" አልሽኝ። አልተቀየምኩሽም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ነገሩን ሳስበው አመሸሁ። እስቲ ዛሬ እባክሽን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ዘፈኑ "ኦቨር ዘ ሬይንቦው" ይባላል። ከቀስተ ደመናው ማዶ ማለት ነው። እኛ ልጆች ሳለን የማርያም መቀነት የምንለው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለወጣው "ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ" ለተባለ ፊልም የተሠራ ነው። ዜማው የሃሮልድ አርለን፣ ግጥሙ የይፕ ሃርበርግ ነው። የዘፈነችው ጁዲ ጋርላንድ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ካንቺም ታንሳለች።

እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት አሜሪካ በገባሁ በዓመቱ ነው። ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ያገሬው ሰው ይህን ፊልም በዓመት አንድ ቀን በቴሌቪዥን ሲመጣ ልጆቹን ሰብስቦ ያይ ነበር። እኔ የምሰበስበው ሰው አልነበረኝም። በርካሽ የገዛኋት ትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ግን ነበረችኝ። ከፊቷ ቁጭ አልኩ። የገበሬ ቤት፣ የታሰረ ድርቆሽ፣ የአሳማ ጋጣ፣ አንዲት ልጅ ከትንሽ ውሻዋ ጋር። እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባኝም። ዘፈኑ ግን ገባኝ። የመጀመሪያዋ ቃል ከታች ትነሳና በአንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ወደ ላይ ትዘላለች። ሰው ከአጥር ማዶ ያለውን ለማየት በእግሩ ጣት ቆሞ ሲንጠራራ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ናት። እኔም የዚያን ጊዜ ሌት ተቀን በእግር ጣቴ የቆምኩ ሰው ነበርኩ።

ከዓመታት በኋላ ባለቀለም ቴሌቪዥን ገዛሁ። ያ ቀን ደርሶ ፊልሙ መጣ። ልጅቷን ዐውሎ ነፋስ ከነቤቷ ወስዶ ሌላ አገር ያሳርፋታል። በሩን ከፈተች። ዓለሙ ሁሉ በቀለም ፈካ! ለካ ፊልሙ እዚያ አገር ሲደርስ ባለቀለም ኖሯል። ዓመት በዓመት እያየሁት ይህን አላውቅም ነበር። ደንግጬ ተነሣሁ። ሌላም ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ዘፈኑ ያለው ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት ነው። እዚያው ደብዛዛው ግቢ ውስጥ፣ ድርቆሹ አጠገብ ትዘፍነዋለች እንጂ ያማረው አገር ከደረሰች በኋላ አንድም ጊዜ አትደግመውም። እዚያ ስትደርስማ የምትለምነው ወደ ቤቷ የሚመልሳትን መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ ለምን እንደዘፈነች ልንገርሽ። ፍሬ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን መታችባት፣ ለሕግ አቀርበዋለሁ ብላም ዛተችባት። ልጅቷ ሮጣ መጥታ ለአክስቷና ለአጎቷ ልትነግራቸው ትሞክራለች። እነሱ የጫጩቶቹ ማሞቂያ ተበላሽቶባቸው ጫጩት እየቆጠሩ ናቸው። አልሰሟትም። ወደ ሠራተኞቹ ሄደች። እነሱም ሥራ ላይ ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም ልጄ። ይወዷታል። ጊዜ ብቻ አጡ። አክስቷም ችግር የማትፈጥሪበት ቦታ ፈልገሽ ቁጭ በይ የምትል ዓይነት ነገር አለቻት። የሚሰማት ስታጣ ዞር ብላ ለውሻዋ ዘፈነችለት። ያ ዘፈን የሚሰማት ያጣች ልጅ ዘፈን ነው። ብዙም ሳትቆይ ከቤት ጠፍታ ትሄዳለች።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ዘፈኑም የሷ ዕጣ ሊደርሰው መቃረቡ ነው። አርለን ዜማውን ያገኘው ሲኒማ ለማየት ሲሄድ ነው። ሚስቱ እየነዳች ሳለ ሎስ አንጀለስ ሰንሴት ጎዳና ላይ መጣለት። መኪናውን አስቁሞ እዚያው ጻፈው። ወደ ሃርበርግ ሲወስደው ሃርበርግ አልወደደውም። ለገጠር ልጅ በጣም ገዘፈባት አለ። ግን ወርውሮ አልጣለውም። ወዳጁን አይራ ገርሽዊንን ጠርተው አማከሩት። አርለን ያንኑ ዜማ ቀለል አድርጎ ሲጫወተው ሃርበርግ ደግሞ ሰማው። ወደደውም። ሃርበርግ በኒው ዮርክ ድሆች ሰፈር የስደተኞች ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። የዚያችን ልጅ ናፍቆት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ፊልሙ አልቆ ለሙከራ ሲታይ የፊልም ድርጅቱ ሰዎች ዘፈኑን ቆርጠው አወጡት። ፊልሙን ያጓትታል አሉ። ደግሞስ ዘፋኝ በከብት ግቢ ውስጥ ምን ትሠራለች አሉ። ለአዘጋጁ ረዳት የነበረው አርተር ፍሪድ ተሟገተ። ተከራክሮ አስመለሰው። ልጅቷ አንዲት ጠንቋይ ቤት ታግታ እያለቀሰች የምትደግመው ክፍልም ተቀርጾ ነበር። እሱ እንደተቆረጠ ቀረ። የተመለሰው ዘፈን በ1940 ኦስካር ተሸለመ። ጁዲ ጋርላንድም በ1969 በ47 ዓመቷ ለንደን ውስጥ እስክታርፍ ድረስ ዘፈነችው። ያጓትታል ያሉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቸኮሉ።

መቸኮል ልማድ ነው ልጄ። ዛሬ ዘፈን ትቆርጫለሽ። ነገ የሰው ወሬ። እጅ አንዴ ከለመደ ዘፈንና ሰው አይለይም። ከራሴ ልንገርሽ። በኔ ጊዜ ወደ አገር ቤት ስልክ መደወል ውድ ነበር። እናቴ ሰላምታዋ ረጅም ነው። ከኔ ጤና ትጀምርና አብሮኝ እስከሚሠራው ሰው ትደርሳለች። ከዚያ የቤቱን ወሬ ትጀምራለች። የአጥሩን፣ የላሟን፣ የጎረቤቱን። እኔ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። "እሺ እማዬ፣ ብሩ እየቆጠረ ነው፣ ዋናውን ንገሪኝ" እላታለሁ። ደግሜ ደጋግሜ አልኳት። ቀስ በቀስ እሷም አጭር ሆነች። ስደውል "ደኅና ነን፣ አንተ ብቻ ደኅና ሁን" ብላ ትዘጋለች። ስልክ ሲረክስ፣ ጊዜም ሲኖረኝ፣ በይ እስቲ ስለ ላሟ አጫውቺኝ አልኳት። "ምን ወሬ አለ ብለህ ነው" አለችኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሰው የማይሰሙትን ነገር መናገር ይተዋል። በኋላ ብትለምኚውም በቀላሉ አይመለስም።

አንቺ ከኔ የተሻልሽ ልጅ ነሽ። ልብሽ ሰፊ ነው። ታናሽ ወንድምሽ ሲያለቅስ ተንበርክከሽ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ስታዳምጪው በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ነው ለሌላውም የምለምንሽ። የማይጥምሽን ሁሉ ስሚ አላልኩም። አንዳንዱ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምተሽውም አይጥምም። ግን ከመጣልሽ በፊት እስከ መጨረሻው ይድረስ።

የመጪው እሑድ ቡናው በኔ ነው። ፊልሙን ከመጀመሪያው እናየዋለን፣ ስልኩንም ከሌላ ክፍል እናስቀምጠው። ዘፈኑ 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መሐል ላይ ውሻው መዳፉን ሲዘረጋላት እይ። ልጅቷ መዝፈኗን ሳታቋርጥ ትጨብጠዋለች። እኔ እሱን እስካስተውል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በፊት ግን ለእናትሽ ደውዪላት። ባለፈው እኔ ፊት ስታወሩ ስለ ጎረቤታችሁ ልጅ ሠርግ ጀምራልሽ ነበር። አላስጨረስሻትም።