በጥቂት ገንዘብ አገር ስለ ማየት

አገርን ዞሮ ማየት ለአእምሮ ትልቅ ትምህርት መሆኑን የማይቀበል ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ቀበሌ ተወልዶ በዚያው ያረጀ ሰው የጎረቤቱን ልማድ የሰው ሁሉ ልማድ፣ የመንደሩንም ተራራ የዓለም ዳርቻ አድርጎ ሊቈጥር ይችላል። ዳሩ ግን መንገድ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጕልበትና ጕጕት እንጂ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በጥቂት ብር ሰፊ አገር ለማየት ያስባል፤ ከመነሣቱም በፊት «ስንት ብር ይበቃኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከእርሱ ጋር አብሮ መጠየቅ ያለበትን ሁለተኛ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ ይኸውም «እኔ ያልከፈልሁትን ማን ይከፍልልኛል?» የሚለው ነው።

ወጪ ሲቀነስ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናል። አንደኛው፣ ተጓዡ ከራሱ ምቾት ቀንሶ ወጪውን በእውነት ማስቀረቱ ነው። ሁለተኛው፣ ወጪው ሳይቀር ከእርሱ ኪስ ወጥቶ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። በሒሳብ መዝገብ ሁለቱም ቍጠባ ተብለው ይጻፋሉ። በኅሊና ፊት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አንድ የአሶሳ ወጣት የጣናን ሐይቅና የጎንደርን ግንብ ለማየት አስቦ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በነቀምቴና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይነሣል እንበል። በአይሮፕላን ፈንታ በአውቶቡስ ይሳፈራል፤ ጎሕ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ይደርሳል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሰንቃል፤ ሆቴሉን ትቶ በአልጋ ቤት ያድራል፤ ባጃጁን ትቶ በእግሩ ይሄዳል። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየትም የክረምቱን መውጫ ይጠብቃል፤ በበጋ ውሃው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይሳሳልና። ይህ ሁሉ ቍጠባ ከወገቡ፣ ከእግሩና ከትዕግሥቱ የተወሰደ ነው፤ ስለ እርሱ ብሎ የተራበ ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ተጓዥ አከብረዋለሁ።

እንዲህ ያለው ጉዞ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ወሎ ይሄድ ነበር፤ የሚበላውንም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ይለምን ነበር። ደረሳውም እንዲሁ ኪታብ ለመቅራት ከሸኽ ወደ ሸኽ ይጓዝ ነበር። በባሌ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱት ተሳላሚዎች መንታ ጫፍ ያለውን በትራቸውን ይዘው ረጅም መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ባይኖራቸውም የሚሰጡት ነገር ነበራቸው። ተማሪው ላሳደረው ሰው ደብዳቤ ያነብለታል፤ ተምሮም ሲመለስ የሌላውን ልጅ ያስተምራል። ተሳላሚውም ቤቱን መርቆ ይሄዳል።

ከድንበራችን ማዶ ያለው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በእግራቸው ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆች በሱዳን በኩል ያልፉ ነበር፤ መንገዱም አንዳንዱን ብዙ ዓመት ይፈጅበት ነበር። ስንቃቸው ሲያልቅ ቆመው ይሠሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. የገዚራ የመስኖ እርሻ ከተጀመረ በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ በዚያ ጥጥ ለቅመው ስንቅ ገዝተዋል፤ ከፊሎቹም እዚያው ቀርተው ልጅ ወልደዋል። ከእነርሱ የበለጠ በጥቂት ገንዘብ የተጓዘ ሰው አላውቅም፤ የጎደላቸውን ግን በላባቸው ሞሉ።

አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ «እንግዲያው አገሩ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ እኔም በነጻ በልቼ በነጻ አድራለሁ» ይላል። እውነት ነው፤ በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባ ነበር። በላሊበላም ለገና የሚመጡትን ተሳላሚዎች የአገሩ ሰው እግራቸውን አጥቦ መመገቡ የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን ለእንግዳ የቀረበው እንጀራ ከሰማይ አልወረደም። እህሉ ተገዝቷል፤ ውሃው ተቀድቷል፤ እንጨቱ ተለቅሟል። ምናልባት እመቤቲቱ ከልጆቿ ድርሻ ቀንሳ ይሆናል፤ እንግዳው እንዳያፍር ግን አትነግረውም። ስለ ዋጋው ዝም ስላለች ዋጋ አልተከፈለም ብሎ ማሰብ ትልቅ አለማስተዋል ነው።

እኔ በምኖርበት በጾሬ ይህ ነገር በዓይን ይታያል። በዚህ የስደተኞች መጠለያ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ ክልላችን ገብተዋል። እነርሱም መንገደኞች ናቸው፤ ነገር ግን የተነሡት አገር ለማየት ሳይሆን አገር ስላጡ ነው። የበርታ ሕዝብ በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚኖር ስለሆነ ከሚመጡት መካከል ቋንቋውን የሚናገሩ አሉ። የራሱ ጎተራ ያልሞላ ገበሬ ማሽላውን ሲያካፍል አይቻለሁ። ከዚህ የተረዳሁት በሌለውና በሚሰስተው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የሌለው ሰው ሲቀበል የሚያፍርበት ነገር የለም። ያለው ሰው ግን እንደሌለው ሆኖ ሲቀበል የሚወስደው ለሌለው ሊሰጥ የነበረውን ድርሻ ነው፤ መሶቡ አንድ ነውና።

ትንንሽ ነገሮችን እንመልከት። በማንጎ ወራት ሁለት የከተማ ልጆች አገር ለማየት ወደ አሶሳ መጥተው በገበያ ከአንዲት እናት ማንጎ ሲገዙ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዋጋውን ነገረቻቸው፤ ግማሹን እንሰጣለን አሉ። እርሷም መንገዷ ሩቅ፣ ፀሐዩም እየበረታ ስለ ሄደ በመጨረሻ እሺ አለች። ልጆቹ «ዛሬስ አተረፍን!» ተባብለው ሄዱ። ያተረፉት ገንዘብ በከተማ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሆንም፤ ለእርሷ ግን ጨውና ሳሙና ነበር። በገበያ መከራከር ነውር አይደለም፤ ያለ ክርክር ገበያ አይደምቅም። ነውሩ ሻጭ ሸክሟን ይዛ መመለስ እንደማትችል እያወቁ ችግሯን መከራከሪያ ማድረግ ነው።

ደግሞም በጎንደር ግንብ አስጎብኚ ሳይቀጥሩ፣ ሌላ ሰው ከቀጠረው አስጎብኚ ኋላ ቆመው ታሪኩን የሚሰሙ ተማሪዎች አይቻለሁ። «ቃል እንደ እንጀራ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቢሰማው አያልቅም» ይሉ ይሆናል። ቃሉስ አያልቅም፤ የሚጎድለው የአስጎብኚው የዕለት ገቢ ነው። ሁሉም ከኋላ ልቁም ቢል ከፊት የሚቆም አይገኝም፤ ታሪኩን የሚያጠናውም ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። አምስት ጓደኛሞች ቢያዋጡ ግን ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ይደርሳቸዋል፤ እርሱም የድካሙን ያገኛል።

«ርካሽ አገር» የሚለውን አነጋገርም እንመርምር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ ለሚመጣ ጎብኚ፣ በውጭ አገር ለሚኖረው ወንድማችንም ጭምር፣ አልጋውም ምሳውም ረከሰለት፤ እዚሁ በደመወዝ ለሚኖረው ሰው ግን ኑሮው አልረከሰም። አልጋውን ያነጠፈችው ልጅና ምሳውን ያቀረበው አስተናጋጅ በዚያው ብር ዘይት ይገዛሉ። እንግዲህ ረከሰ የምንለው የእነርሱ ድካም ነው። ይህን ያወቀ ተጓዥ በተባለው ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሮ ቢሄድ መልካም ያደርጋል።

በገንዘብ የማይከፈል ዋጋም አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በክልላችን በጉባ ወረዳ ይገኛል። ከፍታው 145 ሜትር ነው፤ ሐይቁም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እኛ መምህራን ከደመወዛችን ቦንድ ገዝተንበታልና ወጣቱ ሄዶ ሊያየው ቢመኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የንጋትን ሐይቅ ቆሞ ሲያይ፣ ውሃው ከመተኛቱ በፊት በዚያ ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ቤተ ሰቦች መንደራቸውን ለቀው ወደ ሌላ ቦታ እንደ ሄዱ ይወቅ። እርሱ የሚደነቅበት ውሃ ያረፈው በእነርሱ እርሻና ደጃፍ ላይ ነው። ይህን በብር መክፈል አይችልም። ሰውየውን ሰላም ብሎ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ ሳያነሣው፣ የሚነግረውንም ተቀምጦ ቢሰማ ግን ከዕዳው ጥቂት ያቃልላል።

ምናልባት «ታዲያ ድኻ ወጣት ከቤቱ ይቀመጥ ማለትህ ነውን?» ትለኝ ይሆናል። እንዲህ አላልሁም። አገር የሀብታም ብቻ አይደለችም። «ቸር ሰው ገንዘብ ቢሰጡት ይቀየማል» ብትለኝም እውነትህን ነው፤ ነገር ግን ብር ብቸኛ መክፈያ አይደለም። አንድ ተማሪ መንገድ መሽቶበት ከእኔ ቤት አድሮ ነበር። ማለዳ ተነሥቶ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ተከምሮ የነበረውን ግንድ ፈልጦ ጨረሰ። በማታው ጨዋታ የጎረቤቴ ልጅ የሒሳብ መጽሐፍ እንደሌላት ሰምቶ ኖሮ፣ ከሁለት ወር በኋላ መጽሐፉን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላከላት። በኪሱ የነበረው ገንዘብ ከትኬቱ ብዙ አይበልጥም ነበር። በእኔ ቤት ግን እስከ ዛሬ በምስጋና ይነሣል።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ለመንገድ ስትዘጋጅ ይህን አስብ። ከጓደኞችህ ጋር ዕቁብ ጥላችሁ ቀስ ብላችሁ አጠራቅሙ፤ አምስት ስፍራ በሰው ወጪ ከማየት ሁለት ስፍራ በራስ ወጪ ማየት ይሻላል። መንገዱን ሳትጠይቅ አትነሣ፤ በወለጋና በመተከል በኩል ያሉ መንገዶች ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት በየጊዜው ተዘግተው ነበርና። በግድየለሽነት የሚነሣ ሰው የሾፌሩን ሕይወት በአደጋ ላይ ይጥላል፤ የተቀበለውንም ሰው እንቅልፍ ይነሣል። ይህም ከአንተ ኪስ የማይወጣ፣ ሌላው የሚከፍለው ወጪ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ለጕብኝት ስንወጣ የደብተራችንን ገጽ በሦስት ዓምድ እንድንከፍለው ያዝዙን ነበር። በመጀመሪያው ያየነውን፣ በሁለተኛው ያወጣነውን ገንዘብ፣ በሦስተኛው ደግሞ ያለ ዋጋ የተቀበልነውን እንጽፋለን፤ የተቀዳልንን ውሃ፣ የተመራንበትን መንገድ፣ የተለቀቀልንን መቀመጫ ሁሉ። ሁለተኛው ዓምድ ሁልጊዜ አጭር፣ ሦስተኛው ግን ረጅም ይሆን ነበር። አንተም እንዲህ ያለ ደብተር ያዝ። ከቤትህ ስትመለስ ሦስተኛውን ዓምድ አንብብ፤ ለሰጪው መመለስ የምትችለውን በደብዳቤም በመጽሐፍም መልስ፤ የቀረውንም ወደ ደጅህ ለሚመጣው መንገደኛ ክፈል።