ዳኛ ከወንበሩ ሲወርድ

ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጉደር ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲያችን ካምፓስ በማሞ መዝምር ስም ይጠራል። ማሞ በ1961 ዓ.ም. በሞት የተቀጣ ሰው ነው። የፈረዱበት ዳኞች ጡረታቸውን በልተው አልፈው ይሆናል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። ሰሞኑን የተከራከርነውም ከዚህ ተነሥተን ነው፦ ለመሆኑ የአንድ ዳኛ የሥራ ዘመን በምን ይለካል? በቆየበት ዓመት? በደረሰበት ማዕረግ?

ነገራችን ያለ ምሳሌ እንዳይቀር የብርቱካን ሚደቅሳን ጉዞ እናንሣ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩና መዝገቡ እሳቸው ዘንድ ቀረበ። ዳኛዋ በዋስ ይውጡ አሉ። አቶ ስዬ ወጡ፤ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ። በዚያው ዓመት በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ ታወጀ። አቶ ስዬም ስድስት ዓመት ያህል እስር ቤት ቆዩ።

በአባቶቻችን ዘመን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ባላጋራ ባለበት ይቆም፣ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ይሆነው ነበር፤ ወታደር የለ፣ ካቴና የለ። እዚህ ግን ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ ደጅ ላይ ወደቀ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም፣ በሕግ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውጭም ከጡረታ ዕድሜው በፊት አይነሣም ይላል። መልካም። ወንበሩ ተጠበቀ እንበል፤ ትእዛዙንስ ማን ይጠብቀው?

ዳኛዋ በኋላ ወንበሩን ለቀው ጠበቃ ሆኑ፤ ወደ ፖለቲካም ገቡ። እኛም የተከፈልነው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቻችን «መልቀቅማ ቀላል ነው፤ ነገ የሚቀርበውን ተከሳሽ ለማን ጥሎ?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ትእዛዙ የማይከበርለት ዳኛ ካባውን ከማዋስ በቀር ምን ይሠራል?» ስንል መለስን። እስቲ የአንድ ወረዳ ዳኛ አስቡ፦ የድንበር ክርክር፣ ውርስ፣ ቀለብ፣ እንዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ጡረታ ቢወጡ ጋዜጣ አይጽፍላቸውም፤ የልጇን ቀለብ የምትጠብቅ እናት ግን ታውቃቸዋለች። እናም መልቀቅን ጀግንነት፣ መቆየትን ፍርሃት ብሎ መደምደም አልዋጥ ብሎናል።

ብርቱካን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታሰሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በይቅርታ ወጡ። በ2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተሽሮ እንደገና ሊታሰሩ ሲሉ የጻፉት ጽሑፍ «ቃሌ» ይባላል። የሰውን ቃል ሲመዘግቡ የኖሩ ዳኛ በተራቸው ቃላቸውን ሰጡ ማለት ነው። (ርእሱ ብቻውን ስንት ይናገራል!) በ2003 ዓ.ም. ተፈቱ።

የሚገርመው ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ እስር ላይ የነበሩት የባልደራስ መሪዎች በእጩነት ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። ትእዛዛቸው ደጅ ላይ ሲወድቅ ያዩት ሴት አሁን የሌላ ዳኛ ትእዛዝ ደጃቸው ደረሰ። ቦርዱ መጀመሪያ የድምፅ መስጫው ወረቀት ታትሟል፣ ጊዜም የለም አለ። ጥቂት ቀናት አለፉ። ከዚያ እስረኞቹን መዘገበ።