«ፈርቶ እኮ ነው!»

የእህቴ ልጅ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት ስመለስ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የላከለትን፣ አሜሪካኖቹ «ኮሚክ» የሚሉትን ባለሥዕል መጽሔት ታቅፎ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት። አንዱን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። ከሥዕሉ ላይ ትልልቅ ክንፎች ያሉት፣ ገላው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ፣ ሰውም ነፍሳትም የሚመስል ፍጡር አፈጠጠብኝ። «ጋሼ፣ ክፉው ይኼ ነው» አለኝ። ምን አድርጎ ነው ብዬ ስጠይቀው ያጠፋቸውን ዓለማት በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን እኮ ጋሼ፣ ፈርቶ እኮ ነው» አለ።

መልስ አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

ለማያውቁት አንባቢያን ስለዚህ ፍጡር ጥቂት ልበል። ስሙ አናየለስ ይባላል፤ መደምሰስ የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ስም ነው። ማርቭል በሚባለው አሳታሚ መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን የፈጠሩት ስታን ሊ እና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ናቸው። የሚኖረው ከእኛ ዓለም ውጭ ባለ «ኔጋቲቭ ዞን» በተባለ ሥፍራ ነው። አንገቱ ሥር አንዲት አጭር በትር ያንጠለጥላል። ኃይሉ ሁሉ ያለው በእርሷ ውስጥ ነው። በዙሪያው ያለውን የጠፈር ኃይል በእርሷ እየሳበ ይወስዳል፣ በጠላቶቹ ላይ መልሶ ይተኩሰዋል፣ ዕድሜውንም ያራዝምባታል። ይህን ሁሉ የሚያደርግበት ምክንያት ደግሞ አንድ ነው። ሞትን አብዝቶ ይፈራል። ከእርሱ ሌላ በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ሊገድለው ይችላልና ቀድሞ ማጥፋት አለበት። ስሌቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ የተመሠረተበት ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል። «ፋንታስቲክ ፎር» ከሚባሉት አራት ጀግኖች አንዷ፣ ሱዛን፣ ነፍሰ ጡር ናት። በደሟ ውስጥ ያለው ጨረር እርሷንም በማኅፀኗ ያለውንም ልጅ ሊገድል ደርሷል። ባሏ ሪድ፣ ወንድሟ ጆኒና ጓደኛቸው ቤን መድኃኒቱን ፍለጋ ወደዚያ ዓለም ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ያለው አናየለስ ዕድሜውን በሚያራዝምባት በትር ውስጥ ነው። አንዱ ላለመሞት የታቀፈውን ሌላይቱ ለመውለድ ፈለገችው ማለት ነው። ለልጆች ተብሎ በሚታተም መጽሔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ወደ ልጁ ነገር ልመለስ። ፈርቶ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ጥፋቱን ያቀልለታል?

ነፍሳት መሆኑን ብቻ ካየን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ በምሥራቅና በሰሜን አገራችን የገበሬውን ሰብል ሲያወድም አይተናል። ግን አንበጣውን ክፉ ነው ያለው ማን ነው? በላ፣ ሄደ። አልፎ ተርፎም በሸሪዓችን አንበጣ ራሱ ሐላል ምግብ ነው። አናየለስ ግን ያስባል፣ ያቅዳል፣ ይመርጣል። የሚመርጥ ደግሞ ይጠየቃል። ስለዚህ የነፍሳት ቅርፊቱ ማስፈራሪያ ብቻ ነው፤ ቅርፊቱን ብንገፍፈው ከሥሩ የምናገኘው ሰውን ነው። (በእኛ ቋንቋ የእነዚህ ትንንሽ ፍጥረታት መጠሪያና የነፍስ ብዙ ቁጥር አንድ ቃል መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ?)

ሞትን መፍራትስ ቢሆን በራሱ ወንጀል አይደለም። ነፍስን ማዳን በሃይማኖታችን ግዴታ ነው፤ ረሃብ ሊገድለው የደረሰ ሰው ነፍሱን የሚያቆይበትን ያህል እርም የሆነውን እንኳ እንዲበላ ተፈቅዶለታል። ነገር ግን የፊቅህ ሊቃውንት እዚህ ላይ ጠንካራ ድንበር አስቀምጠዋል። የተራበ ሰው እንደ እርሱው ሊሞት ከደረሰ ሌላ ሰው እጅ ምግቡን ነጥቆ መብላት አይችልም። «ግደል፣ አለበለዚያ ትገደላለህ» የተባለ ሰውም ንጹሕ ሰው ገድሎ መትረፍ አልተፈቀደለትም። የእርሱ ነፍስ ከዚያኛው ነፍስ በምን ትበልጣለችና? ፍርሃቱ እውነት መሆኑን ማንም አልካደም። እውነት መሆኑ ግን ፈቃድ አልሆነም።

ይህን ሳሰላስል ቁርኣን ውስጥ ያለችው ጉንዳን ትዝ አለችኝ። በስሟ የተሰየመ ምዕራፍ ያላት ያቺ ጉንዳን የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሠራዊት ወደ ሸለቆዋ ሲመጣ ባየች ጊዜ ፈርታለች። ሞትን ነው የፈራችው። ግን ምን አደረገች? ወገኖቿን ጠርታ ወደ ቤታችሁ ግቡ አለቻቸው። ሠራዊቱ ቢረግጣቸው እንኳ ሳያውቅ እንደሚሆን ተናገረች። አስተውሉ፣ ሊጨፈልቃት ለሚመጣው ኃያል ሳይቀር በጎ ግምት ሰጠችው። አናየለስ ግን ገና ላላየው ፍጡር ሁሉ የገዳይነት ስም አስቀድሞ ይሰጣል። ሁለቱም የፈሩት ያንኑ ሞት ነው። አንዷ ፍርሃቷን ለሌሎች ማስጠንቀቂያ አደረገችው፣ ሌላው ሌሎችን ማጥፊያ። ነቢዩ ሱለይማን ቃሏን ሰምተው ፈገግ አሉ።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ልጁ ያንን ሲናገር ዝም ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር እኔም ፈርቼ ነበር። በማግሥቱ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙናና የእጅ ማጽጃ አልኮል ያገኘሁትን ያህል ገዝቼ ጓዳ አስገባሁ። ከሳምንት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት፣ በየመድኃኒት ቤቱ ዞረው አልኮል አጥተው በሬን አንኳኩ። ጓዳዬ ውስጥ አሥራ አንድ ጠርሙስ ነበር። «አልቋል እማማ» አልኳቸው። በወቅቱ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ልጆች አሉኝ የሚል ነው። እሳቸው ግን መርቀውኝ ሄዱ፤ አላህ ዕድሜያቸውን አርዝሞላቸው ዛሬም አሉ። ከጠርሙሶቹ ውስጥ ግማሾቹ እስካሁን አልተከፈቱም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው መብል እንዳይከዘን ማውገዛቸውን ነጋዴዎችን እየወቀስኩ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ነጋዴው ቢያንስ ለትርፍ ብዬ ነው ሊል ይችላል። እኔ ያልኩት ልጁ ያለውን ነው፦ ፈርቼ ነው።

ደራሲዎቹ ፍጡራቸውን ወዴት እንዳደረሱት ለማወቅ ጓጉቼ የቀረውን ታሪክ ተከታተልኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በጀመረው ተከታታይ ታሪክ አናየለስ እንደ አንበጣ መንጋ የበዛ ሠራዊት ይዞ ወደ እኛ ዓለም ይወጣል። ዓለማትን የሚበላውን ግዙፉን ጋላክተስን ሳይቀር አስሮ ኃይሉን ይመጥጠዋል። በመጨረሻ ኖቫ በሚባል ወጣት እጅ ይሞታል። ቢሆንም ወዲያው እንደ አዲስ ጨቅላ ሆኖ ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ደግሞ ጆኒን ይገድለውና ያስነሣዋል፣ ደግሞ ይገድለዋል። በኋላ ጆኒ በትሪቱን ይቀማውና ጌታ የነበረውን እንደ ውሻ በሰንሰለት አስሮ ይመራዋል። ይህን ያህል ኃይል የሰበሰበ ፍጡር በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት ቀን እንኳ ያለ ሥጋት ሲያድር አላየሁም። የሰበሰበው በጨመረ ቁጥር የሚጠብቀው ጨመረ፣ የሚጠብቀው በጨመረ ቁጥር የሚጠረጥረው በዛ።

ልጁን ከሦስት ቀን በኋላ አስቀምጬ አናገርኩት። የጉንዳኗን ታሪክ ነገርኩት፣ እርሱ ግን መድረሳው ውስጥ ስለተማረው ከእኔ በተሻለ አሟላልኝ። ከዚያ መጽሔቱን ወደ ሱዛን ታሪክ መለስኩትና መድኃኒቱ የነበረው በዚህ በፈሪው እጅ መሆኑን አስረዳሁት። ለአፍታ አሰበ።

«ጋሼ፣ የፈለጉት ከውስጧ ትንሽ ብቻ ነው አይደል?»

አዎ፣ ትንሽ ብቻ አልኩት።

«ታዲያ መጀመሪያ በሩን አንኳኩተው ቢለምኑት ኖሮ ይሰጣቸው ነበር?»

ጓዳችን ከሳሎኑ ጎን ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።