በሐራጁ ቤት ውስጥ ማን አለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

ባለፈው ሳምንት አንዲት እኅታችን የጋዜጣ ፎቶ በስልክ ላከችልን። በአዲስ አበባ አንድ ባንክ ያወጣው የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ከሥሩ «አባቴ፥ ይህን ቤት እንዳሸንፍ ጸልዩልኝ» ይላል። እዚህ ቤሩት በሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህን የምንጽፈው ፈቃዷን ጠይቀን ነው፤ ነገሩ የብዙዎቻችሁ ነውና።

ቤት መግዛት ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ፥ እርሱም ታስሮ ሳለ፥ የአጎቱን ልጅ መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዝቷል፤ ምስክር አቁሞ፥ ውሉን አትሞ። ስለዚህ አልገሠጽናትም። ማስታወቂያውን ግን ቃል በቃል አነበብነው። ልጆች ሳለን አንዲት ፊደል ስንዘል የኔታ ዝም አይሉንም ነበርና ልማድ ሆኖብናል። የተበዳሪው ስም የወንድ ነው፤ ከጎኑ ያለው የአስያዧ ስም ግን የሴት። እናቱ ትሆን?

ሕጉንም እንወቀው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ብድሩ በጊዜው ያልተከፈለው ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ተጫራች ብዙ ጊዜ የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል። ያሸነፈ ሰው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ያስያዘው ይቀራል። «አንቺ ሩቡን ላኪ፥ ሌላው ይደርሳል» የሚል ደላላ አለ፤ ወንድምም አለ። አይደርስም፤ ማዳምም በ15 ቀን ያን ያህል አታበድርም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። ቤቱ ተሸጦ ከዕዳው የተረፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። ተጫራቾች ተመሳጥረው ዋጋውን ቢያወርዱ የሚሰርቁት ቤቱን ካጣው ሰው ነው። ዘመዶቻችሁ «ተነጋግረን በርካሽ አገኘንልሽ» ቢሏችሁ ደስ አይበላችሁ።

ነህምያ እንደ እናንተ በባዕድ ቤት አገልጋይ ነበር፤ በሱሳ ግንብ ለንጉሥ ወይን ይቀዳ ነበር። አገሩ ሲገባ የድሆች ጩኸት ሰማ። በረሃብ ጊዜ እህል ለመግዛት እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ነበር፤ ያውም ለገዛ ወንድሞቻቸው። ነህምያ ተቆጣ። ሲቆጣ ግን ራሱን አላወጣም፤ እርሱና ወገኖቹም ማበደራቸውን በጉባኤ ፊት ተናገረ። እርሻውንም ቤቱንም አስመለሰ። እናንተን መልሱ አንላችሁም፤ አበዳሪዎቹ እናንተ አይደላችሁም። የባንኩም ገንዘብ የአስቀማጮች ነው፥ ዕዳ መከፈል አለበት። ነገር ግን ነህምያ መጀመሪያ ጩኸቱን ሰማ። እኛ የምናየው የካርታ ቁጥርና የካሬ ሜትር ልክ ብቻ ነው።

እኅታችንን «ከመጫረትሽ በፊት ቤቱን የሚያይ ሰው ላኪ» አልናት። አጎቷን ላከች። እሳቸውም ሲሄዱ አንዲት አሮጊት እናት ቡና አፍልተው ጠበቋቸው። ተበዳሪው ልጃቸው ነው። ሲያስፈርማቸው ምን እንደሚፈርሙ በደንብ አልገባቸውም ነበር። ቤቱንም የሠሩት ከሟች ባላቸው ጋር ነው።

ሐራጁ ገና 12 ቀን ይቀረዋል፤ እኅታችንም አልወሰነችም። እኛም አትግዢ አላልናትም። እርሷ ብትተወው ሌላ ይገዛዋል፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ምናልባት በማግስቱ ዘበኛ ይዞ ይመጣል። ብትገዛው ግን እኒያ እናት ክረምቱን እዚያው እንዲያሳልፉ ለመንናት። ዝም አለች። የዘጠኝ ዓመት ድካሟ ነውና ዝምታዋ አላስቀየመንም።

ትናንት ማታ መልእክት ላከች። የራሷን ስመ ክርስትና ቀድሞ ሰጥታናለች፤ አሁን በአጎቷ በኩል የእኒያን እናት ስመ ክርስትና አስጠይቃ ጽፋልናለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱንም እንጠራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።