የምድር ውሃና የሰማይ ዝናብ

ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ ላይ፣ በጥንት የገሞራ አለት ላይ የተነጠፈ የደለል፣ የአመድና የድንጋይ ከሰል ንብርብር አለ። አመዱ ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ ዕድሜው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። ቦኒ ጄከብስ፣ አሮን ፓንና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ቅሪተ ዕፅ፣ ዘመዶቻቸው ዛሬ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጥቅጥቅ ደን የሚገኙ ዛፎችን ያሳያል፤ ዘንባባም ሞልቷል። ከዚህ ተነስተን ጭልጋ ያን ጊዜ ዝናባማ ነበረች እንላለን። ይህን ለማለት ግን ምን ማስረጃ አለን?

ቅጠል በቀጥታ የሚመሰክረው ሥሩ ውሃ ማግኘቱን ነው፤ ውሃ ደግሞ ከሰማይ ብቻ አይመጣም። በአፋር በረሃ አዋሽን ተከትሎ የሚበቅለው ዘንባባ የሚኖረው ወንዙ ከደጋ በሚያመጣለት ውሃ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ቅጠሉን ከደለሉ ያወጣ ሰው «አፋር ዝናባማ ነበረች» ቢል ይሳሳታል። የድንጋይ ከሰሉም ጥርጣሬውን አያስወግድም፤ ረግረግ ውስጥ ሳይበሰብስ ከተቀበረ ዕፅ የመጣ ነውና። ሁለቱ ምስክሮች ያዩት አንዱኑ ረግረግ ከሆነ፣ ቢስማሙም እንደ አንድ ምስክር መቆጠር አለባቸው።

የቅጠል ስፋት የተሻለ ተስፋ ይሰጣል። ሰፊ ቅጠል ብዙ ውሃ ስለሚያተን፣ ዛሬ ባሉ ደኖች የቅጠሎች አማካይ ስፋት ከዝናቡ መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ግን ድርቅ ባለበት አገርም ቅጠሉን ሊያሰፋ ይችላል። እዚህ ላይ ታንዛኒያ ውስጥ ያለው ማሄንጌ ይረዳናል። እዚያ ከ46 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቅጠሎች የወደቁት ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ሆኖም ትንንሾች ናቸው፣ የሚያሳዩትም ደረቅ የአየር ንብረትን ነው። የሐይቁ ቅርበት የሰማዩን ድርቀት አልሸፈነውም ማለት ነው። ይህ እኔን ከብዙ ቀመር ይበልጥ ያሳምነኛል። ያም ሆኖ ማሄንጌ የገሞራ አፍ ነበረ፤ ዛፎቹ ውሃ በማይተኛበት ቁልቁለት ላይ ሊበቅሉ ይችሉ ነበር። የጭልጋ ሜዳ እንዲህ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ከረግረጉ ርቆ የቆመ ምስክር እፈልጋለሁ፤ እሱም የጥንቱ አፈር ነው። ውሃ የማይተኛበት አፈር በደረቅ አገር የኖራ ጓል ያበጃል፤ ዝናብ ሲበዛ ግን ኖራው ታጥቦ ይሄዳል። ቅጠሎቹ ከተገኙበት ንብርብር ጋር እኩያ የሆነ እንዲህ ያለ አፈር ኖራ አልባ ከሆነ፣ የዘንባባው ምስክርነት ጸና። ጓል ከሞላበት ግን፣ ዘንባባው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ጭልጋን ዝናባማ አልላትም።